ዝናብን በወደቀበት መሬት ስለ ማስቀረት

(ለገበሬዎችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ስለ ውኃ ጥበቃ ነው። ውኃ ሲጎድል ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ገበሬ ስለ ሆነ፥ የውኃን ጥቅም በመዘርዘር ጊዜያችሁን አልወስድም። ይልቁንም በየቀበሌው ስንዘዋወር የምንሰማውን አንድ ጥያቄ አነሣለሁ፤ ይኸውም «የውኃ ሞተር ይሰጠን፤ ጉድጓድ ይቆፈርልን» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በበጋ ሽንኩርትና ጎመን አብቅሎ፥ ሸጦ፥ ልጁን የሚያስተምር ገበሬ ማየት ያስደስታል። ነገር ግን ሞተሩ ከመምጣቱ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጉዳይ አለ፤ ጉድጓዱን የሚሞላው ምንድን ነው?

የሚሞላው ከበላዩ ያለው ማሳና ተራራ ነው። በክረምት ወርዶ ወደ መሬት የሰረገው ዝናብ በበጋ ከምንጩና ከጉድጓዱ ይወጣል፤ በክረምት በጎርፍ የሄደው ግን በበጋ አይመለስም። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ አሠራሩ ነው።

በመጀመሪያ ዝናቡን በምናውቀው መስፈሪያ እንስፈረው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። አንድ ጥማድ መሬት የሄክታር ሩብ፥ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው ብንል፥ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በጥማዱ ላይ 2,500 ሊትር ያወርዳል። እንግዲህ በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ፥ በአንዱ ጥማድ ላይ 75,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ ይኸውም በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር 3,750 ጀሪካን ይሆናል። በዓመት 800 ሚሊሜትር በሚዘንብበት አገር ደግሞ ያው ጥማድ 2 ሚሊዮን ሊትር፥ ማለትም 100,000 ጀሪካን ይቀበላል። እናቶችና ልጆች በመጋቢት ወር አንዲት ጀሪካን ለመቅዳት የሚሄዱትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ዝም ብሎ አያልፈውም።

ቁጥሩን ማመን የሚያስቸግረው ሰው በደጁ ሊፈትነው ይችላል። አፉና መቀመጫው እኩል ስፋት ያለው የሳልሳ ጣሳ ክዳኑ ተቆርጦ፥ ዛፍና ጣራ በማይከልለው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ በማግሥቱ ጧት ፀሐይ ሳይበረታ የውኃው ጥልቀት በተማሪ ማስመሪያ ይለካ። ያ ጥልቀት የዕለቱ ዝናብ ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይህን ሥራ በደስታ ይይዘዋል፤ በደብተር ከጻፈውም ክረምቱ ሲያልቅ ቀበሌው የራሱ የዝናብ መዝገብ ይኖረዋል።

ይህ ሁሉ ውኃ የሚሄደው በአራት መንገድ ነው። ከፊሉ በጎርፍ ይወርዳል፤ ከፊሉ ከአፈሩ ፊት ይተናል፤ ከፊሉ በሰብሉ ሥር ገብቶ እህል ይሆናል፤ ከፊሉም ከሥሩ በታች ወርዶ ምንጩን ይመግባል። ገበሬውን የሚጠቅሙት ኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ ሥራችንም ከፊተኞቹ ቀንሶ ለኋለኞቹ መጨመር ነው።

ስለ ውኃ ማጠራቀሚያ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ኩሬና ታንከር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማጠራቀሚያ ግን አፈሩ ራሱ ነው። ደኅና የሆነ መካከለኛ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሰብል ሊጠጣው የሚችል ከ100 እስከ 200 ሚሊሜትር ያህል ውኃ ይይዛል። መካከሉን 150 ብንወስድ በአንድ ጥማድ 375,000 ሊትር ይሆናል። እያንዳንዳቸው 60,000 ሊትር የሚይዙ ስድስት ኩሬዎች ቢቆፈሩ እንኳ ይህን ያህል አይዙም። ኩሬው ደግሞ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ይወስድበታል፤ ሕፃንና ጥጃ እንዳይገባበት አጥር ያሻዋል። ኩሬን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለጓሮ አትክልትና ለከብት መጠጥ በጣም ይረዳል። ነገር ግን ማሳው ሳይጠጣ ኩሬ መቆፈር ጎተራውን ከፍቶ በስልቻ እህል እንደ መልቀም ነው።

አፈሩ በጎርፍ ሲታጠብ ጎተራው ራሱ ይሄዳል። ከአንድ ጥማድ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢወሰድ፥ የሄደው አፈር 25 ሜትር ኩብ፥ ክብደቱም 30,000 ኪሎ ያህል ነው፤ ከእርሱም ጋር 3,750 ሊትር ውኃ ይይዝ የነበረው ቦታ ይጠፋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር በወሎ በማይባር፥ በሰሜን ሸዋ በአንዲት ጥድ፥ በጎጃም በአንጀኒ ጣቢያዎች አቁሞ ከማሳ የሚወርደውን ጎርፍና አፈር ይለካ ነበር። በዚሁ ምርምር የሠሩት የስዊስ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ፥ ከአገራችን ደጋ ከሚታረሰው መሬት በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። በጥማድ ሲከፈል 105 ኩንታል ነው። ከአንድ ጥማድ 105 ኩንታል እህል ያስገባ ገበሬ እኔ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ መጀመሪያ ስለ አስተራረስ ነው።

ማረሻችን አፈሩን ሰንጥቆ ግራና ቀኝ ይከፍታል እንጂ አይገለብጥም። በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል፤ ያንን ለማግኘት ገበሬው በሚቀጥለው እርሻ የፊተኛውን ትልም አቋርጦ ያርሳል። ስለዚህ አንዱ እርሻ አግድም ከሆነ ቀጣዩ ወደ ቁልቁል መሆኑ አይቀርም። ይህ የመሣሪያው ጠባይ ያመጣው ነው፤ የገበሬው ስንፍና አይደለም። ስለ ሆነም «አግድም እረሱ» ብሎ አዝዞ የሚሄድ የልማት ሠራተኛ ነገሩን አልመረመረውም። እርግጥ ነው፥ ወደ ቁልቁል የተሳበ ትልም ሁሉ ለጎርፍ የተበጀ ቦይ ነው፤ መፍትሔው ግን በትእዛዝ ሳይሆን በዘዴ ይገኛል።

ዘዴው እንዲህ ነው። ቁልቁል መታረሱ ግድ ከሆነ ከባዱ ዝናብ ሳይገባ፥ በመጀመሪያዎቹ እርሻዎች ይለቅ። ከዘር በፊት ያለው የመጨረሻው እርሻና የዘሩ ማልበሻ ግን ምን ጊዜም አግድም ይሁን፤ ምክንያቱም የሐምሌ ጎርፍ የሚያገኘው ያንን ትልም ነው። ትልሙን ሲያቋርጡም በቀጥታ እንደ መስቀል ከማቋረጥ ይልቅ ሰያፍ አድርጎ በጠባቡ ማቋረጥ ይሻላል፤ ያልታረሰው መሬት ይገኛል፥ ትልሙም ቁልቁለቱን ተከትሎ አይፈስስም። በሬውም ዳገቱን ፊት ለፊት ስለማይገፋ ድካሙ ይቀልለታል። ይህን የሞከሩ ገበሬዎች መጀመሪያ የሚነግሩኝ ስለ ውኃው ሳይሆን ስለ በሬያቸው ነው።

ሌላም አለ። ማረሻ በየዓመቱ የሚደርሰው ከ15 ሳንቲሜትር ብዙም ወደማያልፍ ጥልቀት ስለ ሆነ፥ ከዚያ በታች በማረሻ ጫፍና በበሬ ኮቴ የተደገደገ ጠጣር ንብር ይፈጠራል። ውኃው እዚያ ሲደርስ ይቆምና ወደ ጎን ይፈስሳል። ማሳው እንዲህ ያለ ንብር እንዳለው ለማወቅ፥ ከዝናብ በኋላ አፈሩ እርጥብ ሳለ ቀጭን የብረት ዘንግ ወደ ታች መግፋት ነው፤ ሲገባ ቆይቶ በድንገት እንቢ ካለ፥ ድንጋይም ካልሆነ፥ ንብሩ እዚያ ነው። በአንዱ ትልም ውስጥ ማረሻውን ደግሞ ማሳለፍ ጥቂት ይረዳል። ሥራቸው ጠልቆ የሚገባ ሰብሎችም ያግዛሉ፤ የጎጃም ገበሬ በደከመ መሬት ላይ ግብጦ መዝራቱ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ልማድ ነው።

በማሽላና በበቆሎ ማሳ ሽልሻሎ የሚባለው ሥራ ለሁላችሁም የታወቀ ነው። ሰብሉ ጉልበት ሲደርስ በመደዳው መካከል በማረሻ ሲታለፍ አረሙ ይነቀላል፥ የደረቀው የአፈር ቅርፊት ይሰበራል፥ ዝናቡም ይገባል። ዝናብ በሚያጥርበት ቆላና ወይና ደጋ በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበት፤ ሽልሻሎው የከፈተውን ቦይ በየአምስት ወይም በየስድስት እርምጃው በአፈር ማሰር። ቦዩ በተርታ እንደ ተቀመጡ ትናንሽ ገበታዎች ይሆንና ውኃው በየገበታው ተኝቶ ይሰርጋል። ይህ አሠራር በመልካሳና በቆቦ የምርምር ጣቢያዎች ተፈትኖአል።

ይህን ምክር በሁሉም መሬት ላይ እንዳትሠሩበት ግን አስጠነቅቃለሁ። ጥቁር መረሬ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ይተኛበታል፤ ቦዩን ብናስረው ሰብሉን እናሰጥማለን። እዚያ የሚፈለገው ማጠንፈፍ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየሳበ ሰፊ መደብ የሚሠራው ለዚህ ነው። ከመደቡ መካከል የወጣው ትርፍ ውኃ ግን ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ ቦረቦር እንዳይለቀቅ፥ ከሣር ላይ አልፎ ወደ ኩሬ ቢገባ ለበጋ መስኖ ይተርፋል። ፈሰስ የሚያወጡም ገበሬዎች ይህን ያስቡበት። የፈሰሱ መጨረሻ ካልታሰበበት የአንዱን ማሳ ያድንና የሌላውን ይቦረቡራል፤ በሁለት ወንድማማቾች መካከል እንኳ ክስ ያስነሣል።

ወደ እርከን እንለፍ። እዚህ ላይ የእናንተን ቅሬታ አስቀድሜ ልናገር፤ «እርከን መሬት ይበላል፤ አይጥ ያራባል፤ በሬ ለማዞር አይመችም» ትላላችሁ። ሦስቱም እውነት ናቸው። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ከደረሱት ድርቆች በኋላ በእህል ለሥራ የተሠሩ ብዙ እርከኖች ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በገበሬው እጅ ፈርሰዋል። ገበሬው ያፈረሰው ውኃ ጠልቶ አይደለም፤ ከሠራው እርከን ያገኘው ነገር ስላልታየው ነው። ሥራው የሚቆጠረው በኪሎሜትር ነበርና፥ እርከኑ ማሳውን ይጠቅም አይጠቅም የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። አሁንም በጥርና በየካቲት በሚደረገው የተፋሰስ ዘመቻ ይኸው በሽታ አልፎ አልፎ ይታያል። የልማት ሠራተኞች ወንድሞቼ፥ ሪፖርታችሁ ላይ የምትጽፉትን ኪሎሜትር እኔም አነብባለሁ፤ ነገር ግን አንድ መቶ ሜትር በልኩ የተሠራ እርከን አንድ ኪሎሜትር ካልተለካው ይበልጣል። ያልተለካ እርከን ውኃውን በአንድ ዝቅ ያለ ቦታ ሰብስቦ ይሰብረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ጎርፍ እርከን ባይኖር ኖሮ ከሚወርደው የከፋ ነው።

እርከን የባዕድ ትምህርት ነው የሚል ካለ ኮንሶን ያስብ። የኮንሶ ሰዎች ከ400 ዓመት በላይ ዳገታቸውን በድንጋይ ካብ ደርድረው፥ ሐርዳ የሚባሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎችን ለከብቶቻቸው ሠርተው ኖረዋል፤ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ አገራቸውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እነርሱን ዘመቻ አልጠራቸውም፤ ካቡ ያለ ማቋረጥ ስለሚጠገን ነው የቆመው።

ልኩ የሚወጣው በመስመር ውኃ ልክ ነው። የሚያስፈልገው የ10 ሜትር ገመድ፥ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨትና አንድ ትንሽ የውኃ ልክ ብቻ ነው። ገመዱ በሁለቱ እንጨቶች እኩል ከፍታ ላይ ይታሰራል፤ ውኃ ልኩ በገመዱ ትክክለኛ መካከል ይንጠለጠላል፤ አንዱ ሰው ቆሞ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ አረፋው መካከል ላይ ሲቆም ሁለቱ እግሮች ያሉበት ቦታ እኩል ነው። ችካል ተክሎ መቀጠል ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ውኃ ልኩን ከገመዱ አውርዳችሁ ቀኙን ወደ ግራ አዙራችሁ መልሳችሁ ስቀሉት፤ አረፋው ቦታውን ከለወጠ መሣሪያው ይዋሻል፥ አትሥሩበት። በደረቅ አገር እርከኑ ፍጹም እኩል ይሁን፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ግን በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውኃ ማስወገጃው ዝቅ እያለ ይሂድ። ማስወገጃው አስቀድሞ መቆፈርና ሣር መልበስ አለበት፤ በባዶ አፈር ላይ ጎርፍ መልቀቅ ቦረቦር መዝራት ነው።

በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ርቀት በቁልቁለቱ ይወሰናል። የመሬቱ ቁልቁለት ከመቶ 5 ከሆነ 20 ሜትር፥ ከመቶ 10 ከሆነ 10 ሜትር መሆኑ ጥሩ መነሻ ነው፤ በሁለቱም በእርከንና በእርከን መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ይመጣል። ከመቶ 15 በሚያልፍ ዳገት ላይ ግን የአፈሩ ጥልቀት ታይቶ ነው የሚወሰነው፤ ስለዚህ ከጣቢያችሁ ሠራተኛ ጋር ተነጋገሩ። አፈሩ ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከቦዩ የወጣውን አፈር ወደ ላይ መወርወር ከኬንያ የመጣ ዘዴ ነው፤ በስዋሒሊ ፋንያ ጁ ይሉታል፥ «ወደ ላይ አድርግ» ማለት ነው። ወደ ላይ መወርወር ያደክማል። ነገር ግን ከላይ የሚታጠበው አፈር በክምሩ ላይ እየተጠራቀመ መሬቱ ራሱ ወደ ደረጃነት ይለወጣል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአንጀኒ የተሠራው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዲሁ ሆኖ ታይቶአል።

መሬት ይበላል ለሚለው ቅሬታ ደግሞ መልሱ የበላውን ማስመለስ ነው። በእርከኑ ክምር ላይ ደሾ ሣር ወይም ዝሆን ሣር ይተከል። ላም ያላት እናት ለሥራው ከማንም በላይ ትተጋለች፤ ሣሩን አጭዳ ወደ በረት ታስገባለች፥ እርከኑም እየተጠገነ ይኖራል። ከብት በእርከን ላይ የሚሰማራ ከሆነ ግን ሣሩም እርከኑም በአንድ በጋ ያልቃል፤ ስለ ልቅ ግጦሽ የቀበሌው ሰው ተስማምቶ ሳይወስን እርከን መጀመር ጉልበት ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ማስገባት ነው፤ አሁን ስለ ማውጣት ልናገር።

በምሥራቅ ሐረርጌ በ1940ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ኮሌጅ በተሠራበት አጠገብ ሐረማያ የሚባል ሐይቅ ነበረ። የሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃዋን ታገኝ የነበረው ከዚሁ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ አትክልትና ጫት በሞተር ያጠጣ ነበር፤ ተራራው ተራቁቶ አፈሩ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር፤ ከተሞቹም እያደጉ ይስቡ ነበር። ማንም ብቻውን ሐይቁን አላደረቀውም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ግን ሐይቁ ደረቀ፤ የሐይቁ ወለል የከብት መሰማሪያ ሆነ፤ ለሐረርም ከሩቅ፥ ከድሬዳዋ በኩል፥ በብዙ ወጪ ውኃ በቧንቧ መሳብ ግድ ሆነ። በ2010ዎቹ ከደኅና ዝናብና ከተራራው ጥበቃ በኋላ ውኃው በከፊል ተመልሶአል። ሐይቅን ያህል ነገር እንዲህ ከሆነ፥ አንዲት የቀበሌ ምንጭ ስንት ሞተር ትችላለች?

ይህን በቁጥር ማወቅ ይቻላል። አንዲት ምንጭ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሴኮንድ ከሞላች፥ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር፥ በቀንና በሌሊት 43,200 ሊትር ትሰጣለች። በሴኮንድ 5 ሊትር የሚስብ ሞተር ይህች ምንጭ በ10 ሰዓት ያፈለቀችውን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ቀድሞ ገበሬውን የሚያቆመው የቤንዚን ዋጋ ነበር። አሁን በፀሐይ የሚሠራ ሞተር እየመጣ ነው፤ መልካም ነገር ነው፥ ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፀሐይ ዋጋ ስለማትጠይቅ ሞተሩ ከጧት እስከ ማታ ይስባል። ስለዚህ በቤንዚን ፋንታ የሚያቆም ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም ስምምነት ነው። አባቶቻችን የውኃ አባት መርጠው ተራ ያስይዙ ነበር፤ ይህ ሥርዓት ባለበት ይጠበቅ፥ በሌለበት ይቋቋም። የአገሪቱ ውኃ የሕዝቡ የጋራ ሀብት መሆኑን አዋጅ ቁጥር 197/1992 ይደነግጋል፤ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር የሚቋቋምበትንም አዋጅ ቁጥር 841/2006 ያሳያል። የልማት ሠራተኞች እነዚህን አዋጆች አንብባችሁ ለገበሬው በቀላል ቃል አስረዱ።

ከሐረማያ በተቃራኒው የሆነውንም ልንገራችሁ። በምሥራቅ ትግራይ በክልተ አውላዕሎ ወረዳ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር አለ። መሬቱ ከመራቆቱ የተነሣ ነዋሪው ወደ ሌላ አገር ይስፈር የሚል ሐሳብ ተነሥቶበት ነበር። ሕዝቡ ግን ተራራውን ከከብት ከልሎ፥ በዳገቱ ላይ ውኃ ማስረጊያ ጉድጓዶች ቆፍሮ፥ ቦረቦሩን በክትር ዘግቶ ከላይ ወደ ታች ሠራ። ከዓመታት በኋላ ከግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ጥቂት ሜትር ሲቆፈር ውኃ የሚገኝ ሆነ፤ ገበሬውም በእጅ በቆፈረው ጉድጓድ ፍራፍሬና አትክልት አበቀለ። በ2004 ዓ.ም. መንደሩ የተባበሩት መንግሥታት የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ተቀበለ። ጉድጓዱ የመጣው ከተራራው ሥራ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ከላይ ያለው ገበሬ የሚያስገባው ውኃ ከታች ላለው ገበሬ ይወጣል። ይህ ፍትሕ የሚጠይቅ ነገር ነው። ከታች በመስኖ የሚያተርፈው ሰው በጥር ከላይ ወጥቶ በጎረቤቱ ዳገት ላይ ቢቆፍር ለራሱ ጉድጓድ ሠራ ማለት ነው። ከላይ ያለውም ገበሬ ተራራውን ከከብት በመከልከሉ የሚያጣውን ግጦሽ፥ ከታች ካለው መስኖ በሚታጨድ ሣር ቢካስ ሥራው ይጸናል። ስለዚህ ነገር ውሳኔ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ እኔ የማመለክተው ሳይነጋገሩ የጀመሩት እንደማይቆይ ብቻ ነው።

ስለ ማጠጣት አጭር ቃል። ውኃ በቀትር አይለቀቅ፤ ጧት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሁን። ቀኑን በመቁጠር ብቻ አታጠጡ፤ ከሥሩ አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡ። ተጨብጦ ከያዘና በጣት ሲነካ የማይበተን ከሆነ ውኃው ገና አለ። የሽንኩርት ሥር ጥልቅ ስላልሆነ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ይስማማዋል፤ አብዝቶ መልቀቅ ማዳበሪያውን ከሥሩ በታች ያወርደዋል። የተረፈ ገለባ ካለ በመደቡ ላይ ይጎዝጎዝ። ገለባው ለከብት፥ ኩበቱ ለማገዶ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ቢያንስ አጨዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን፥ ቆርጡም በማሳው ይቅር። ባሕር ዛፍ በምንጭ ራስ ላይ የተከላችሁ ካላችሁ፥ ሌላ ቦታ ፈልጉለት።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፥ ከእናንተ የምፈልገው አንድ አዲስ መዝገብ ነው። በቀበሌያችሁ ያሉትን ምንጮች ሁሉ በስማቸው ጻፉ። በየወሩ መጀመሪያ ጧት፥ ሞተር ሳይነሣ፥ ጀሪካኑ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ለኩ። የጉድጓዱን ውኃ ጥልቀት በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ለኩ፤ ከጫፉ ድንጋይ እሰሩበት። በግንቦት የሚገኘው ቁጥር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ሦስት ዓመት ከጻፋችሁ፥ ለአንድ ተጨማሪ ሞተር ጥያቄ ሲመጣ ቦታው ይችላል ወይም አይችልም ብሎ የሚመልሰው መዝገቡ ይሆናል፤ የተፋሰሱም ሥራ ጠቅሞ እንደ ሆነ ከኪሎሜትሩ ይልቅ ይህ ይናገራል።

የጥር ሥራ ሳይደርስ የሚቀረን ጊዜ አጭር ነው። ማስወገጃው የሚያልፍበት ቦታ በታኅሣሥ ውስጥ ከባለ መሬቶቹ ጋር ተመርጦ ይለቅ። የመስመር ውኃ ልክና ገመድ በማሠልጠኛው ጣቢያ አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ብትመጡ ከዚህ ከጀርባ ባለው ዳገት ላይ አብረን እንለማመዳለን። የደሾ ግንጣይ የሚፈልጉም ሰዎች ስማቸውን ለጣቢያው ሠራተኛ ያስመዝግቡ፤ የሚተከለው ዝናብ ሲይዝ ስለ ሆነ እስከዚያ ይባዛል።

ጥያቄ ያላችሁ አባቶች፥ አሁን ልቀበል።